ለንግድ የሄደ ሰው ቅዳሜንና እሑድን እንዴት ይዋል?

ከአርጆና ከነቀምት ተነሥቶ ለንግዱ ጉዳይ እስከ ሩቅ ምሥራቅ መድረስ በዛሬው ዘመን የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ማታ ከአዲስ አበባ የተሳፈረ ነጋዴ፣ በማግስቱ ጓንዡ ከምትባለው የቻይና ከተማ ይደርሳል፤ ይህችም በቀድሞ ካርታዎች ካንቶን ተብላ የምትጻፈው ናት። ነገር ግን ከዚያ የተመለሰ አባወራ፣ ልጆቹ ከብበው ምን እንዳየ ሲጠይቁት፣ የዕቃውን ዋጋና የመጋዘኑን ብዛት ከመናገር በቀር የሚያወራው ያጣል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጻችን፣ ለሥራ የሄደ ሰው የዕረፍቱን ቀን ለራሱም ለቤተ ሰቡም በሚጠቅም መንገድ እንዴት እንደሚያሳልፈው ጥቂት ልንናገር አሰብን።

በጓንዡ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ወር፣ ታላቅ የንግድ ትርዒት ይደረጋል። ትርዒቱ በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል አምስት ቀን ይቆያል፤ በክፍሎቹም መካከል ዕቃው የሚለወጥባቸው ባዶ ቀኖች አሉ። በእነዚህ ቀኖች አንዳንዱ በሆቴሉ ተኝቶ ይውላል፤ አንዳንዱም ወደ መጠጥ ቤት ሄዶ ገንዘቡንና ጤናውን ይጎዳል። ይህ ሲሆን ግን፣ በአገር ቤት የቀረችው ሚስቱ ሱቁንም ልጆቹንም ብቻዋን ይዛ እንደምትደክም ማሰብ ይገባል። የባል መንገድ የሁለት ሰው ድካም ስለሆነ፣ ከመንገድ የሚገኘውም ጥቅም የቤቱ ሁሉ መሆን አለበት።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆኑን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። እርሳቸው በ1924 ዓ.ም. በመንግሥት መልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ሳለ፣ የተላኩበትን ጉዳይ ፈጽመው ብቻ አልተመለሱም፤ የአገሩን ሁኔታና የሕዝቡን ልማድ ተመልክተው፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው በዚያው ዓመት አሳተሙ። ከነጋዴ ሁሉ መጽሐፍ አይጠበቅም፤ ሆኖም በማታ እሳት ዳር ለልጆች የሚነገር አንድ ቁም ነገር ይዞ መመለስ ለማንም ቢሆን የሚቻል ነው።

እንግዲህ በጓንዡ ቅዳሜ ቀን ያገኘ ሰው፣ አስቀድሞ የቼን ወገን ቤት የተባለውን ቢያይ እንመክረዋለን። ይህ ቤት በ1894 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ የተፈጸመ ነው። በዚያ አውራጃ ሁሉ ተበትነው የሚኖሩ፣ ቼን የሚባል የቤተ ሰብ ስም ያላቸው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት፣ ልጆቻቸው ለመንግሥት ፈተና ወደ ከተማ ሲመጡ ማረፊያ እንዲያገኙ፣ የአባቶቻቸውም ስም እንዲታሰብበት ብለው ነው። ፈተናው በ1905 እ.ኤ.አ. ሲቀር ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ኋላም የእጅ ሥራ ሙዚየም ተደረገ። በጣራው ላይ በሸክላ፣ በበሮቹም ላይ በእንጨት የተቀረጸው ሥዕል ዐይን የሚያጠግብ አይደለም። ስለ ትምህርት ሲሉ ዘመዳሞች ተባብረው እንዲህ ያለ ሥራ መሥራታቸው፣ ዕድርና ዕቁብ ለሚያውቀው ለእኛ ሕዝብ በቶሎ የሚገባ ነገር ነው።

ከቀትር በኋላ ዩሼው ወደሚባለው የመናፈሻ ስፍራ ቢወጣ፣ ከድንጋይ የተሠሩ አምስት በጎችን ያያል። የአገሩ ሰዎች በተረታቸው ሲናገሩ፣ ጥንት በረኃብ ዘመን አምስት ቅዱሳን ሰዎች በበጎች ተቀምጠው መጡ፤ የእህልም ዛላ ለሕዝቡ ሰጥተው፣ ረኃብ ዳግመኛ እንዳይነካችሁ ብለው መረቁና ተሰወሩ፤ በጎቹም ድንጋይ ሆነው ቀሩ ይላሉ። ስለዚህም ከተማዪቱ የበጎች ከተማ ትባላለች። ይህን ተረት የአርጆ ገበሬ ልጅ ቢሰማው ደስ ይለዋል።

እሑድ ጧት ክርስቲያን የሆነ ሰው፣ ከ1863 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. ድረስ በጥርብ ድንጋይ ወደ ተሠራው የካቶሊኮች ካቴድራል ሄዶ ሊያይ ይችላል። እስላም የሆነም፣ በቻይና እጅግ ከቀደሙት መስጊዶች አንዱ የሆነውን ሁዋይሼንግን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ወደ ሻይ ቤት ቢገባ፣ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ በቀርከሃ ሙዳይ በእንፋሎት የበሰለውን ትንንሽ ምግብ እየቀመሱ፣ ረጅም ጊዜ ሲጫወቱ ይመለከታል። ሻይ የተቀዳለት ሰው በሁለት ጣቱ ገበታውን መታ መታ በማድረግ ያመሰግናል። ይህ ልማድ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ከሚጠጣበት ከእኛ ልማድ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የሚያዝያው ትርዒት በአንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ ጾመኛ የሆነ ሰው ሊቸገር ይችላል። ነገር ግን የቡድሃ መነኮሳት ሥጋ ስለማይበሉ፣ በቤተ መቅደሳቸው አጠገብ የአትክልት ምግብ ብቻ የሚሸጡ ቤቶች ይገኛሉ። መንገደኛው የሆቴሉን ስም በቻይና ፊደል አጽፎ በኪሱ ይያዝ፤ ፓስፖርቱም ከእጁ አይለይ። በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚከፍለው በስልክ ስለሆነ፣ ይህን ከመነሣቱ በፊት ያዘጋጅ።

እንዲህ የሠለጠነ ዐይን ግን በባዕድ አገር ብቻ የሚያገለግል መሆን የለበትም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደተባለው፣ የቼንን ቤት ለማየት ሩቅ አገር የሄደ ነጋዴ፣ በነቀምት ዘወትር ሲያልፍ የደጃዝማች ኩምሣ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሳይጎበኝ መቅረቱ ይገርማል። ይህም ቤት የአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ የነበረ፣ ኋላም ለሕዝብ መጎብኛ የሆነ ነው። በዚያው ከተማ ባለው በወለጋ ሙዚየምም፣ የአያቶቻችን የቤት ዕቃና የእርሻ መሣሪያ ተጠብቆ ይታያል። አጼ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ከወጡ በኋላ በ1923 ዓ.ም. ያረፉት፣ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብም የኖሩትና የሞቱት በዚሁ ከተማ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ፣ አባቱ ስለ ቻይና ቢነግረው የሚያመዛዝንበት ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ ከመንገድ የሚመለስ አባወራ ሁለት ስጦታ ይዞ ይግባ እንላለን። አንደኛው ለሚስቱና ለልጆቹ የሚገዛው ልብስ ነው፤ እርሱ በዓመት ያልቃል። ሁለተኛው ግን በዕረፍቱ ቀን ያየውና የተማረው ነው፤ ይህም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ስለሆነ አያረጅም። ከተመለሰም በኋላ በአንደኛው እሑድ፣ ልጆቹንና እናታቸውን ይዞ ከአርጆ ወደ ነቀምት ቢወጣ፣ የሩቁንና የቅርቡን አገናኝቶ ያስተምራቸዋል፤ ብቻዋን ቤት ስትጠብቅ ለሰነበተችውም ሚስቱ ዕረፍቷ ይሆናል።