ዕቃ ታጥቦ ሳይደርቅ ቢደራረብስ?

ዛሬ ስለ ዕቃ አስተጣጠብ እጽፋለሁ። ወንዶች፣ ገጹን እንዳትገልጡት! እኔም ወንድ ነኝ፤ ቤት ተራ ይደርሰኛል።

በ1886 እ.ኤ.አ. ጆሴፊን ኮክራን የምትባል አሜሪካዊት ለሠራችው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘች። ማሽኑ ሰሃኖቹን ለየብቻ አቁሞ ውሃ ይረጭባቸዋል። እኛ ዱራሜ በሳፋ ብናጥብም ዘዴው ያው ነው፤ ውሃ ያልደረሰበት ቦታ አይጸዳም።

መጀመሪያ ፍርፋሪውን እናራግፍ። ቆጮ የደረቀበትን ሰሃን እንዘፍዝፈው። ከዚያ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ሰሃን፣ መጨረሻ ድስት ይታጠባል። ድስት ከቀደመ ውሃው ቅባት ብቻ ይሆናል፤ በጄሪካን የመጣ ውሃ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አይደፋም። ቅባት በውሃ ብቻ ስለማይለቅ ሳሙና ያስፈልጋል። ከዚያ በሌላ ሳፋ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

አሁን ዋናው! እርጥብ ዕቃ ከተደራረበ አየር አያገኝም፤ ይሸታል፤ ጀርምም እርጥበት ይወዳል። በቆሸሸ ጨርቅ መወልወልም የለፋንበትን መልሶ ማቆሸሽ ነው። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ዘንበል አድርገን በአየር እናድርቀው። ተቅማጥ ቶሎ የሚጎዳው ትንንሽ ወንድምና እህቶቻችንን ነውና እንጠንቀቅ።