ስኳር ሳልበላ ለምን ከፍ አለ? አንጎላችንና የደም ስኳራችን

ዛሬ አሶሳ ያላችሁ ታካሚዎቼ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፦ "ዶክተር፣ ማንጎውን ትቻለሁ፣ ሻይም ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ታዲያ ጠዋት በባዶ ሆዴ ስለካ ለምን ከፍ ይላል?"

ብዙዎቻችን የደም ስኳር የቆሽት ሥራ ብቻ ይመስለናል። እውነት ነው፣ ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽት ነው። ግን ከበላዩ ሌላ አዛዥ አለ፤ እሱም አንጎል ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ክሎድ በርናር እ.ኤ.አ. በ1849 የጥንቸልን አንጎል የታችኛውን ክፍል በመርፌ ሲወጋ፣ የጥንቸሏ ሽንት ውስጥ ስኳር ታየ። ኢንሱሊን የተገኘው ከዚያ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ነው።

አንጎል ምን አገባው?

አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዋና ምግቡ ግሉኮስ ነው፤ እንደ ጉበት ግን የሚያጠራቅምበት ጎተራ የለውም። ስለዚህ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍሉ የደም ስኳርን ቀንም ሌሊትም ይጠብቃል። ትዕዛዙንም በሁለት መንገድ ያስተላልፋል፦

1. በቬገስ ነርቭ፦ ገና ገንፎው ሲሸተን፣ ጉርሻው አፋችን ሲገባ፣ አንጎል ቆሽትን "ተዘጋጅ፣ ምግብ እየመጣ ነው" ይለዋል። ስኳሩ ደም ውስጥ ሳይደርስ ጥቂት ኢንሱሊን ቀድሞ ይለቀቃል።

2. በጭንቀት ጊዜ በሚነቃው ነርቭ፦ ስንደነግጥ፣ ስናዝን ወይም ስንታመም ኢንሱሊን ይገታል፤ አድሬናሊን፣ ግሉካጎንና ኮርቲሶል ደግሞ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እንዲለቅ ያዙታል።

ለጥያቄያችሁ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ሊነጋ ሲል ኮርቲሶል በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቆሽት ይህን መመከት ያቅተዋል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በመተከልና በካማሺ በነበረው ግጭት ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው የበላው ጥቂት ሆኖ ስኳሩ ቢጨምር "ተደብቆ በልቶ ነው" አትበሉት። እናንተም "ምንም አልበላሁም" ብላችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ሲወርድስ?

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ አንጎል የአደጋ ደወል ይደውላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ። ቶሎ ካልታረመ አንጎል ራሱ ይራባል፤ ሰውየው ይደናገራል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ይስታል። ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው ላይ ደግሞ አንጎል ይለምደውና ደወሉን መደወል ያቆማል። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ድንገት ይወድቃል።

ክልላችን የወባ አገር መሆኑንም አትርሱ። ከባድ ወባ፣ በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ፣ የደም ስኳርን ክፉኛ ያወርዳል፤ ኪኒን የሚባለው የወባ መድኃኒትም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ይገፋፋል። ስለዚህ ወባ ይዞት ራሱን የሳተ ልጅ "ወባው አንጎሉ ላይ ወጥቶ ነው" ብቻ ተብሎ አይታለፍም። ስኳሩ እንዲለካ ጠይቁ። የአንድ ጠብታ ደም ምርመራ ሕይወት ያተርፋል።

ምን እናድርግ?

• ታማሚው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ካልተሻለው ድገሙት፣ ሲሻለው ምግብ ይብላ።

• ራሱን ከሳተ ምንም ነገር አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ትንታ ይገድላል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

• ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱና ረመዳንን የምትጾሙ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ከ70 በታች ከወረደ እዚያው አፍጥሩ።

• በቂ እንቅልፍ ተኙ፤ አመሻሽ ላይ በእግር መንቀሳቀስም ጭንቀትንም ስኳርንም ያበርዳል።

ይህችን ጽሑፍ ቤቱ የስኳር ታማሚ ላለበት ሰው ሼር አድርጉለት።