አንዲት ክፍል ለአደራ ልጆች

የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤት የእንግዳ» ብሎ ሲጣራ፣ የቤቱ ባለቤት «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ብሎ መቀበሉ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። እንግዳን ለአንድ ሌሊት ማሳደር ግን ቀላል ነው። ወላጁን ያጣውን ወይም በስደት መንገድ ከወላጁ የተለየውን ልጅ ተቀብሎ ለማሳደግ የርኅራኄ ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ የሚያድርበት ቤት፣ ከዚያም ሌላ ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰዎች የሚሠሩባት አንዲት ክፍል ታስፈልጋለች። ዛሬ ለቤተሰቦቻችን የምናቀርበው ስለዚህች ክፍል ነው።

በአምባሰል የሚገኘው የግሸን ማርያም ደብር፣ መስቀል በሚመስለው አምባው ላይ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ይህን ደብር ለመሳለም ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሄዱ። በዚያ ጊዜ ወሎን ጽኑ ረኃብ መትቶት ነበር። ወይዘሮ አበበች በእጃቸው የነበረውን አምስት እንጎቻ ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ለተራቡት አካፈሉ። ነገር ግን እናቷ ሞታ በአጠገቧ የተቀመጠችውን ሕፃን ባዩ ጊዜ ትተው ማለፍ አልሆነላቸውም፤ ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው ተመለሱ። እርሳቸውም ቢሆኑ ገና በጨቅላነታቸው አባታቸውን በጣሊያን ጦርነት ያጡ ነበሩና፣ አባት ማጣት ምን እንደሆነ ያውቁት ነበር።

አንድ ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቍጥር 21 ደረሰ። ያን ጊዜ የቤት ነገር አስጨናቂ ጥያቄ ሆነ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ነገሩን ስላልወደዱት ከልጆቹና ከትዳራቸው አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። እርሳቸውም የሞቀ ቤታቸውን ትተው፣ ከልጆቹ ጋር በጫካ ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ገቡ። ድርጅታቸው በመንግሥት መዝገብ በሕግ የተመዘገበው በ1986 በአውሮጳውያን አቆጣጠር፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ያቺ ጎጆ ለብዙ ሺህ ሰዎች የሚተርፍ ሥራ መነሻ ሆነች።

በወሎ የልጆች መከራ በረኃቡ ዘመን አላበቃም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል፤ ከሌላም ስፍራ የተፈናቀሉ ወገኖች በደቡብ ወሎ ተጠልለዋል። በሽሽት መካከል የወላጁን እጅ የለቀቀ ልጅ ወዴት ይሂድ? በ2001 ዓ.ም. በአገራችን የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ቤተሰብን ያስቀድማል፤ ልጅን በማሳደጊያ ድርጅት ማኖር የመጨረሻ አማራጭ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1070 ደግሞ ልጆችን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠትን አስቀርቷል። እንግዲህ ሸክሙ የእኛው ነው ማለት ነው።

ልጁን በአደራ የሚቀበለው ቤተሰብ ከሆነ፣ ቢሮው ምን ይሠራል? የቤተሰቡ ጠባይና ኑሮ ይጠናል፤ የልጁ ስም፣ የመጣበት ስፍራና የዘመዶቹ ነገር ይመዘገባል፤ ወላጆቹም ይፈለጋሉ። ቤት የሰጠው ሰው በእውነት እያሳደገው እንደሆነ ወይም እረኛና አሽከር አድርጎት እንደሆነ ተመላልሶ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ መዝገቡ የሚቈለፍበት ሣጥን፣ ልጁም የደረሰበትን ሌላ ሳይሰማ የሚናገርበት፣ በር ያለው ክፍል የግድ ነው። የልጅ ምሥጢር በገበያ መካከል አይነገርም።

ስፍራውም ይታሰብበት። ዝነኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች የማይገቡበት ስለሆነ፣ አሳዳጊ እናቶች ለሚመላለሱበት ቢሮ አይሆንም። ሐይቅ ከተማና የአምባሰሏ ውጫሌ ግን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናቸውና፣ ከገጠር ለሚመጣ ሰው ይቀርባሉ።

የቤት ኪራይ ቢከብድ፣ ከሳምንቱ ብዙውን ቀን ተዘግቶ የሚውል የሰንበቴ ቤት ወይም የዕድር አዳራሽ በየአጥቢያው አይጠፋም። ሆኖም በቃል ብቻ የተሰጠ ክፍል ድግስ በመጣ ቍጥር ይለቀቃል፤ መዝገቡም ከጥግ ወደ ጥግ ሲንከራተት ይጠፋል። መዝገቡ የጠፋበት ልጅ የእናቱን ስም ሁለተኛ እንዳጣ ይቈጠራል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ወይም የዕድሩ ዳኛ ክፍሏን ለምን ያህል ጊዜ እንደሰጠ፣ ቍልፉም በማን እጅ እንደሚሆን በጽሑፍ ቢያደርገው መልካም ነው። አሳዳጊውና ልጁ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ያለ ኀፍረት እንዲገባ፣ በሩ ወደ መንገድ ቢሆን ይሻላል፤ በወሎ ሁለቱ በአንድ ደጅ ማደጋቸው የቆየ ነገር ነውና።

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ባስተማሩ ጊዜ፣ ከሩቅ አገር የመጡትን ተቀብለዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። ወይዘሮ አበበች ያንኑ አገር ተሳልመው ሲመለሱ ያገኟት አንዲት ደሳሳ ጎጆ ነበረች። እኛ ግን በየሰፈራችን ቍልፉ የዛገ ክፍል አለን። መጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዱ ተነሥቶ «ያ ክፍል የማን ነው? ለምን ተዘጋ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።