መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱን የሚያቆይ ባትሪ፦ ገዢው ለየትኛው ቁጥር ይከፍላል?

አንድ ቡና ላኪ የውጭ ገዢውን የዋጋ ምላሽ በሚጠባበቅበት ሰዓት፣ ወይም አንድ ደላላ የክፍያ ማረጋገጫ ሊልክ ሲል መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የእጅ ስልኩም እንዲሁ። ቀጥ የሚለው ጥግ ላይ የተቀመጠው ራውተር ነው። የሚገርመው ይህ ዕቃ የሚፈልገው ኃይል እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ ሞደሞችና ራውተሮች የሚወስዱት ከ6 እስከ 15 ዋት ሲሆን፣ ይህም አንድ የኤል ኢ ዲ አምፖል ከሚበላው ብዙም አይርቅም። ለዚህች ጥቂት ዋት ተብለው የተሠሩ፣ ከመጽሐፍ የማይበልጡ የባትሪ ሣጥኖች “ሚኒ ዩፒኤስ” በሚል ስም በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይሸጣሉ። ገዢው ግን ሣጥኑ ላይ በጉልህ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ገንዘቡን ሲቆጥር የሚገዛውን በትክክል ያውቃል ለማለት አያስደፍርም።

የኃይል እጥረትና የኃይል መቋረጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለተጀመረው የፈረቃ አሠራር የተሰጠው ምክንያት የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የውኃ መጠን ማነስ ነበር፤ የጎደለው ምርቱ ነው ማለት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ በመሆኑ የምርቱ በኩል ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ የሠፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ዛፍ መስመር ላይ ሲወድቅ፣ ወይም ለመንገድ ሥራ ምሰሶ ሲነሳ ግድቡ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ማመንጨቱንና ማከፋፈሉን ይሠራ የነበረው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ ኃይል አመንጪውና ለደንበኛ አከፋፋዩ የተለያዩ ድርጅቶች ሆነዋል። የከተማው ነዋሪ የሚያማርርበት መቋረጥ በአብዛኛው የሚመጣው ከማከፋፈያው መስመር ነው። ስለሆነም በባትሪው ላይ ያለው ፍላጎት በቅርቡ ይጠፋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በሌላ በኩል አንድ ሰዓት ያለ ኢንተርኔት የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍ ብሏል። ባንኩ በስልክ፣ ጨረታው በኢንተርኔት፣ ደረሰኙ በቴሌግራም ሆኗል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ቢሆን ግብይቱ የሚካሄደው በኤሌክትሮኒክስ ነው።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በውስጡ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 የሚደርሱ፣ በላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚገኙት ዓይነት ክብ የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። በአንድ በኩል የግድግዳውን ኃይል እየተቀበለ ባትሪዎቹን ይሞላል፤ በሌላ በኩል ለራውተሩ የሚስማማውን 9 ወይም 12 ቮልት ይሰጣል። መብራት ሲጠፋ ሽግግሩ በቅጽበት ስለሚከናወን ራውተሩ መቋረጡን አያውቅም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ራውተር አንዴ ከጠፋ ተነሥቶ መስመሩን እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስድበታል። በቀን አምስት ጊዜ ብልጭ ድርግም በሚልበት ሠፈር ደግሞ ጉዳቱ ከአንድ ረዥም መቋረጥ ሊብስ ይችላል።

ችግሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ሣጥኖቹ የሚሸጡት በ“ኤም ኤ ኤች” ማለትም በሚሊአምፒር ሰዓት ነው። “10,400” ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ይመስላል። ቁጥሩ የተለካው ግን በባትሪው ውስጣዊ ቮልት፣ ማለትም በ3.7 ሲሆን ራውተሩ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው። ሚሊአምፒሩን ብቻ ተናግሮ ቮልቱን መተው የጆንያውን ብዛት ነግሮ የእያንዳንዱን ኪሎ እንደ መደበቅ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ዋት ሰዓት ነው። 10,400ን በ3.7 አባዝቶ ለ1 ሺህ ማካፈል 38.5 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ቮልቱን ከፍ ለማድረግ በሚደረገው ቅየራ ከመቶ 15 ያህሉ ባክኖ ይቀራል ቢባል ራውተሩ ዘንድ የሚደርሰው 33 ዋት ሰዓት አይሞላም። 10 ዋት የሚወስድ ራውተር በዚህ ከሦስት ሰዓት ትንሽ በላይ ይሠራል። ሞደሙና ራውተሩ የተለያዩ ሆነው በድምሩ 16 ዋት የሚወስዱ ከሆነ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በማስታወቂያው ላይ “እስከ 8 ሰዓት” ተብሎ የሚጻፈው የሚሠራው ከ4 ዋት ያልበለጠ ለሚወስድ ዕቃ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ ነው። እውነት ላለመሆኑ ምልክት የሚሆን አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ሣጥኖች በብዛት የሚገባው፣ በተለምዶ “18650” የሚባለው ክብ ባትሪ ምርጥ ከሚባሉት አምራቾች የወጣ ቢሆን እንኳ የአንዱ አቅም ከ3,600 ሚሊአምፒር ሰዓት አያልፍም። እንግዲህ አራት ባትሪ የያዘ ሣጥን ከ14,400 በላይ ሊይዝ አይችልም፤ ርካሽ ከሆነማ ከ8 እስከ 10 ሺህ መካከል ቢገኝ ጥሩ ነው። በአራት ባትሪ 20 ሺህ የሚል ጽሑፍ ካለ ጽሑፉ እንጂ ባትሪው አይደለም የሚሸጠው። ክብደትም ይናገራል። አንዱ ባትሪ ከ45 ግራም አካባቢ ስለማይወርድ የአራቱ ብቻ ከ180 ግራም በላይ ይሆናል። በእጅ ሲመዝኑት ባዶ ሣጥን የሚመስል ዕቃ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሣጥን ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርገው እንዳሳዩት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። ሐቀኛ ቁጥር የጻፈው አስመጪ 8,800 ብሎ፣ ጎረቤቱ ለተመሳሳይ ዕቃ 20,000 ብሎ ቢያቀርብ ገዢው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሐቀኛውም በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ጽሑፍ አሳትሞ ይመጣል። ሻጩን “ስንት ዋት ሰዓት ነው?” ብሎ መጠየቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ዋጋውን ለዋት ሰዓቱ አካፍሎ የአንዱን ዋት ሰዓት ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ማወዳደር ይቻላል፤ ለምሳሌ 33 ዋት ሰዓት በ3,300 ብር ቢቀርብ አንዱ በ100 ብር ደረሰ ማለት ነው።

አማራጮች የሉም ማለት አይደለም። ለኮምፒውተር የተለመደው 650 ቪኤ ዩፒኤስ በውስጡ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ይይዛል፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው። ነገር ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ይለውጥና የራውተሩ አዳፕተር ደግሞ መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። ብርን ወደ ዶላር ቀይሮ መልሶ ወደ ብር እንደ መመንዘር ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ኮሚሽን ይቆረጣል። ኢንቨርተሩ ራሱን ለማንቀሳቀስ ብቻ ራውተሩ የሚበላውን ያህል ሊበላ ይችላል። በዚያ ላይ ይህ ዓይነቱ ባትሪ ተሟጦ ሲያልቅ ቶሎ ይሞታል። ዩፒኤሱ ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ ካለ ራውተሩን መሰካት ነው፤ ለራውተር ብሎ አዲስ መግዛት ግን አያዋጣም። ጄኔሬተርስ? ለ10 ዋት ብሎ በሰዓት ግማሽ ሊትርም ይሁን ከዚያ በላይ ቤንዚን ማቃጠል በኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሚፈጥረው ጭስና ጩኸት ሌላ የሒሳብም ጉዳይ ነው። ሚኒ ዩፒኤሱን ባዶ ሆኖ ለመሙላት የሚወስደው 0.05 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ በመሆኑ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር ቢሆን እንኳ 50 ሳንቲም ነው። የተለመደው ፓወር ባንክ ደግሞ ቮልት በሚያሳድግ ገመድ ሊያገለግል ቢችልም፣ ብዙዎቹ እየተሞሉ መስጠት አይችሉም፤ ወይም ሽግግሩ ላይ ለአፍታ ይቋረጣሉ። ያኔ ራውተሩ እንደገና ይነሣል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከቤት ውጭ ያለው መስመር መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ባትሪው የሚያድነው የመጨረሻዋን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ፋይበር የገባለት ቤት ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለው፤ በተለመደው አዘረጋግ ከማዕከሉ እስከ ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ብርሃኑን የሚያከፋፍሉት ሣጥኖች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። በመዳብ የስልክ መስመር የሚጠቀም ግን ከመንገድ ዳር ባለው ካቢኔ ላይ ሊመሠረት ይችላል፤ የካቢኔው ባትሪ ሲያልቅ መስመሩም ያልቃል። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር የያዘ ደግሞ የሠፈሩ አንቴና ባትሪና ጄኔሬተር ላይ ነው ተስፋው። በትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ ኢንተርኔቱ ለየቤቱ የሚከፋፈልበት ስዊች በጋራ ቆጣሪ ላይ ከሆነ እሱም ባትሪ ያስፈልገዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባትሪ ያለው ጎረቤት ካለ መብራት ሲጠፋ መስመሩ ይቆያል ወይ ብሎ መጠየቅ፤ ከሌለም ለአንድ ቀን ተውሶ መሞከር። ባለ ሲም ካርዱ መብራት በጠፋ በአንድና በሁለት ሰዓት የስልኩን ዳታ ቢሞክር በቂ መልስ ያገኛል።

የቮልት ስህተት ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚያሰኝ ነው። 9 ቮልት የሚፈልግ ራውተር 12 ቢሰጠው ሊቃጠል ይችላል። በራውተሩ ጀርባ ወይም በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ማየት፣ የሣጥኑ አምፒር ከዚያ ያላነሰ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የመሰኪያው ውፍረትም ልክ መሆኑን መሞከር ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ትልቁ ዩፒኤስ ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ሚኒ ዩፒኤስ ግን አዳፕተሩ ላይ “100-240” የሚል ካለ ከየትም ቢመጣ ይሠራል። ከዱባይ ወይም ከጓንጁ በሻንጣ ለሚያመጡም የአውሮፕላን ሕግ አለ፤ እንዲህ ያለው ተጨማሪ የሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ሲሆን እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ የአየር መንገዱን ልዩ ፈቃድ አይጠይቅም። በጭነት የሚገባ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው።

ስለ ዋጋ ሲነሣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የምንዛሪ ለውጥ መዘንጋት የለበትም። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ዕቃው ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በየጭነቱ ዋጋው ቢለዋወጥ አያስደንቅም። የዕድሜውም ነገር እዚህ ላይ ይገባል። የተለመደው ሊቲየም ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሟጦ ከተሞላ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት 2 ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በሳምንት አንዴ ለሚጠፋበት ቤት የመጀመሪያው ይበቃዋል። በየቀኑ ለሚጠፋበት ሱቅ ወይም ቢሮ ግን ሁለተኛው በሒሳብ ሲታይ ርካሽ ነው።

የሚገዛ ሰው ራውተሩን ይዞ ወደ ሱቅ ቢሄድ ነውር የለበትም። ሣጥኑን ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ከግድግዳው ነቅሎ፣ የራውተሩ መብራቶች ሳይጠፉ መቀጠላቸውን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቤት ሲደርስም በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ነቅሎ ስንት ሰዓት እንደቆየ በሰዓት መያዝ፣ ከስሌቱ ግማሹን እንኳ ካልሞላ ደረሰኙን ይዞ መመለስ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ጋ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም።