የመጀመሪያ አልበም ጭቅጭቅ

ከአዳማ ተነስቶ ሞጆ ላይ ታጥፎ፣ በመቂና በባቱ በኩል ሻሸመኔ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃ ከተከፈተ ጭቅጭቅ አይጠፋም። አንዱ «እሱ እንደ መጀመሪያ አልበሙ አድርጎ ዳግም አልሠራም» ይላል፤ ከኋላ ወንበር ሌላው «የቱ ነው የመጀመሪያው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ሾፌሩ አንዱን ፍላሽ ነቅሎ ሌላ ይሰካል። የጥፋቱም ግማሽ የፍላሹ ነው። ሸክላውን፣ የደርግ ዘመን ካሴቱንና የትናንቱን ነጠላ ዜማ ደባልቆ ያጫውታል፤ የቱ ዘፈን ከየትኛው ሥራ እንደተነሳ የሚናገር የለም። በካሴቱ ጊዜ ቢያንስ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ የሙዚቃ ቤቱን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውን ስም ማንበብ ይቻል ነበር።

ፈረንጆቹም በዚሁ ነገር ይነታረካሉ። ሮሊንግ ስቶን በ2013 መቶ ምርጥ የመጀመሪያ አልበሞችን ሲደረድር፣ የሮክ መጽሔት ሆኖ ሳለ ቁንጮ ያደረገው የራፕ ቡድኑን ቢስቲ ቦይስን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እነሱ ግን ቢያንስ የቱ አልበም መጀመሪያ እንደወጣ ተስማምተው ነው ስለ ደረጃው የሚጣሉት። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም።

«የጂጂ የመጀመሪያ አልበም ‹ጂጂ› ነው»

አይደለም። በ2001 በቢል ላስዌል አዘጋጅነት የወጣው «ጂጂ» ዓለም እጅጋየሁ ሽባባውን ያወቀበት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግን «ፀሐይ»ን በ1997 አውጥታ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ሌላ አልበም ጨምራ ነበር። የአስቴር አወቀም ታሪክ ይኸው ነው። በ1989 ለንደን ላይ የወጣውን «አስቴር»ን የውጭ ጸሐፊዎች እንደ መነሻ ይቆጥሩታል። ሴትየዋ ግን በ1981 አሜሪካ ከመግባቷ በፊት በአሊ ታንጎ አሳታሚነት ሸክላና ካሴት አውጥታ አገሬው ስሟን በደንብ ያውቅ ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄም ላይ እንዲሁ ይሳሳታሉ። የብዙ ሰው ጣት ወደ 1972ቱ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ይቀሰራል፤ እሱ ግን ኒውዮርክ ሆኖ ሁለቱን የ«አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች ያወጣው በ1966 ነው።

ይህ ግን የእኛ አድማጭ ድክመት ብቻ አይደለም። የራስታዎቹ መንደር ባለበት በሻሸመኔ የቦብ ማርሊ ስም ሳይነሳ አይዋልም፤ የዌይለርስ የመጀመሪያ አልበም ሲባል ግን «ካች ኤ ፋየር» የሚል አይጠፋም። እሱ የወጣው በ1973 ሲሆን፣ «ዘ ዌይሊንግ ዌይለርስ» ግን በ1965 ጃማይካ ውስጥ ተሸጧል። ትልቅ የውጭ አሳታሚ ዕቃውን ሲያነሳው ቆጠራው ከእሱ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት የሰማው ሰው እንዳልሰማ ይቆጠራል።

«የማሕሙድ የመጀመሪያው ‹ኤሬ መላ መላ› ነው»

የማሕሙድ አሕመድ «ኤሬ መላ መላ» በካይፋ ሬከርድስ የታተመው በ1975 ነው። ከእሱ በፊት በ1973 «አልማዝ» ነበር፤ ከ«አልማዝ» በፊት ደግሞ ነጠላ ሸክላዎቹ። የቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ በ1986 «ኤሬ መላ መላ»ን ለአውሮፓ ስላቀረበው የኋለኛው የፊተኛውን ቦታ ወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ዋናው ስህተት ያለው በዓመቱ ላይ ሳይሆን በአለካኩ ላይ ነውና። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምኃ እሸቴ የሚባል የሸክላ ነጋዴ ወጣት በ1969 ይህን ደፍሮ አምኃ ሬከርድስን ከፈተ፤ መጀመሪያ ያወጣውም የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ ነው። ቤቱ እስከ 1975 ድረስ ካወጣቸው ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። ትልልቆቹ ከአንድ ደርዘን ብዙም አይርቁም። ትንሿ ሸክላ ፊትና ጀርባዋ አንድ አንድ ዘፈን ትይዛለች፤ እያንዳንዱ ገጽ ከሦስት አራት ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ያ ትውልድ የመጀመሪያ ሥራውን ለሕዝብ ያቀረበው በሁለት ዘፈን ነው። ጥላሁን ገሠሠን ወይም ዓለማየሁን «የመጀመሪያ አልበም» በሚል ሰንጠረዥ ላይ ከዛሬ ዘፋኝ ጋር ማወዳደር ያልተጫወቱትን ጨዋታ ተሸነፉ እንደማለት ነው። ካሴት መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲገኝ ነው አስር ዘፈን ደርድሮ መውጣት የተለመደው።

«የኦሮምኛ አልበም የካሴት ዘመን ልጅ ነው»

ይህንን አዳማ ውስጥ የሚናገር ሰው ይበልጥ ይገርመኛል። አሊ ቢራ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1971 ነው፤ በኦሮምኛ ሙዚቃ ታሪክም ቀዳሚው አልበም ተብሎ ይጠቀሳል። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ ቡድን አድጎ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የተጫወተው አሊ የአባቱ ስም መሐመድ ነው። ገና በልጅነቱ ያዜማት የመጀመሪያ ዘፈን ናት ቢራ የሚለውን መጠሪያ የሰጠችው፤ ከዚህ የበለጠ የመጀመሪያ ሥራ ስኬት ከየት ይመጣል? ኅዳር 2022 ያረፈው እዚሁ አዳማ ሲታከም ቆይቶ ነው፤ የተቀበረው በትውልድ ከተማው ነው።

«ሮክን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ጃኖ ነው»

ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን ከፊት አቁሞ ጊታሩን ሲያስጮኸው፣ በአልበም ደረጃ አዲስ ነገር ነበር። አዘጋጁም የጂጂው ቢል ላስዌል ነው። ነገር ግን አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሰፈር የሚፈሰው ሙዚቃ ቀድሞ ጆሮ ከፍቷል፤ ዓለማየሁ እሸቴም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሳለ ኤልቪስን እያስመሰለ ይዘፍን ነበር። ጃኖ የመጀመሪያው ሳይሆን ሮክ ብሎ ራሱን በግልጽ የሰየመው ነው። ለነገሩ እኔ «ኤርታሌ»ን ከመድረካቸው ዝቅ አድርጌ ነው የማየው።

«መጀመሪያው ሁልጊዜ ምርጡ ነው»

ይሄኛው በዓመተ ምሕረት አይፈታም፤ ግን መረጃው አይደግፈውም። የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» በ2001 ጥሩ መግቢያ ነበር፤ አገሩን ያነጋገረው ግን በ2005 የወጣው «ጃ ያስተሰርያል» ነው። የማሕሙድንም ከላይ አይተናል፤ የታወቀበት ሥራ የመጀመሪያው አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ሀጫሉ ሁንዴሳ አለ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በ2003 ታስሮ በ2008 የተፈታው የአምቦ ልጅ ግጥምና ዜማ መድረስ የተማረው እስር ቤት ነው። በ2009 ያወጣው «ሳኚ ሞቲ» አብዛኛው እዚያው የተደረሰ ነው። አንድ ዘፋኝ ለመጀመሪያ ሥራው ዕድሜውን ሙሉ ይዘጋጃል፣ ለሁለተኛው ግን ጊዜ አያገኝም የሚባለው እሱ ላይ እውነት ይመስላል። ሁለተኛው «ዋኤ ኬኛ» በ2013 ሲወጣ ድምፁ በስሏል፣ ቅንብሩም ጠርቷል፤ ያንን የሚያስቀድሙ ሰዎች ምክንያታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ድምፄን የምሰጠው ለ«ሳኚ ሞቲ» ነው፤ ከ«አቡጊዳ»ም በፊት።