ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው የጡረታ አበል ምን ያህል ነፃ ነው?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርን ለአብነት እንውሰድ። በየወሩ ወደ ባንክ ሂሳቡ ከሚገባው የጡረታ አበል ላይ የገቢ ግብር አይቀነስበትም። በዚህም ምክንያት የጡረታ ገቢ ግብር ያልነካው ገንዘብ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ይህ አጭር ጽሑፍ አመለካከቱ በከፊል ብቻ ትክክል መሆኑን ያሳያል። አበሉ ሲከፈል ግብር ባይቀነስም፣ ለአበሉ መሠረት ከሆነው መዋጮ ከፊሉ ገና በሥራ ዘመን ግብር ተከፍሎበታል።

የሕግ ማዕቀፉ

በአዋጅ ቁጥር 209/1955 በተደራጀው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። ዛሬ በሲቪል አገልግሎት የሠራተኛው ድርሻ 7፣ የመንግሥት ድርሻ ደግሞ 11 በመቶ ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሁለቱን መዋጮዎች በእኩል አያስተናግድም። አሠሪው የሚያዋጣው ገንዘብ ከሠራተኛው ወርኃዊ ደመወዝ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ሠራተኛው ራሱ የሚያዋጣው 7 በመቶ ግን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ተቀናሽ አይሆንም፤ ግብሩ የሚሰላው መዋጮው ከመነሳቱ በፊት ባለው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ ነው።

በቁጥር ሲታይ

ወርኃዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በ2017 በተሻሻለው የግብር ምጣኔ 1,650 ብር ግብር ይከፍላል። የጡረታ መዋጮው 700 ብር ነው። መዋጮው አስቀድሞ ተቀናሽ ቢሆን ኖሮ ግብሩ በ9,300 ብር ላይ ተሰልቶ 1,475 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው በእጁ ላላስገባው 700 ብር በየወሩ 175 ብር ግብር ይከፍላል። መንግሥት በስሙ የሚያዋጣለት 1,100 ብር ግን ግብር አይከፈልበትም።

ይህ ሠራተኛ 30 ዓመት አገልግሎ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ሆኖ ጡረታ ቢወጣ፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 20 ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ ተደምሮለት የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ብር ያገኛል። አበሉ እንደ ደመወዝ ግብር ቢጣልበት ኖሮ 600 ብር ይቀነስበት ነበር። ነፃነቱ ለእርሱ ተጨባጭ ጥቅም አለው። ነገር ግን ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ ጣሪያ 2,000 ብር በመሆኑ፣ አበሉ ከዚህ የማይበልጥ ጡረተኛ ከነፃነቱ የሚያገኘው ተጨማሪ ጥቅም የለም። ጥቅሙ የሚሰፋው አበሉ ከፍ ላለ ጡረተኛ ነው።

ከአሜሪካ ልምድ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ፣ ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ጡረተኞች ከሚያገኙት የማኅበራዊ ዋስትና አበል እስከ ግማሹ ድረስ ግብር እንዲከፈልበት አድርጋለች። መነሻ ሐሳቡ ሠራተኛው ያዋጣው ግማሽ አስቀድሞ ግብር የተከፈለበት ሲሆን፣ አሠሪው ያዋጣው ግማሽ ግን ያልተከፈለበት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይህ ጣሪያ ለተሻለ ገቢ ላላቸው ወደ 85 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህንኑ መነሻ በኢትዮጵያ መዋጮ ላይ ብንተገብር፣ ከ18 በመቶው ውስጥ 7ቱ፣ ማለትም 39 በመቶ ያህሉ፣ ግብር የተከፈለበት ነው። አበሉ የሚሰላው በደመወዝና በአገልግሎት ዘመን እንጂ በተጠራቀመ መዋጮ ባለመሆኑ፣ ይህ ድርሻ አመላካች እንጂ ትክክለኛ ልኬት አይደለም።

ማጠቃለያ

የጡረታ አበል ነፃነት ጡረተኛውን ከማንኛውም ግብር አያወጣውም። ከላይ የተጠቀሰው መምህር ቤቱን ቢያከራይ በሠንጠረዥ «ለ»፣ በግል ትምህርት ቤት ቢቀጠር ደግሞ በሠንጠረዥ «ሀ» ግብር ይከፍላል፤ አበሉ ግን ከእነዚህ ገቢዎች ጋር አይደመርም። ወደፊት በአበሉ ላይ ግብር የመጣል ሐሳብ ቢነሳ፣ ሙሉውን አበል ግብር ውስጥ ማስገባት የሠራተኛውን መዋጮ ሁለት ጊዜ ግብር ማስከፈል ይሆናል። ስለዚህ ክርክሩ መጀመር ያለበት መዋጮው ሲሰበሰብ ማን በየትኛው ክፍል ላይ ግብር እንደከፈለ ከመለየት ነው።