ቤተ ክርስቲያኒቱ ፈረሰች፣ ገንዳው ግን ተረፈ

በዛሬይቱ ቤልጂየም በምትገኘው በሊዬዥ ከተማ በመካከለኛው ዘመን የተወለደ ሕፃን፣ የባለጠጋም ልጅ ይሁን የድኻ፣ ክርስትና የሚነሣው በአንድ ሥፍራ ነበር። በከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት ሞልተው በየሰፈሩ ቅዳሴ ይቀደስ ነበር፤ የማጥመቅ መብት ግን ለረጅም ዘመን የአንዲት አጥቢያ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ይህችም አጥቢያ ከሥራዋ የተነሣ «የማጥመቂያዋ እመቤታችን»፣ በአገሩ ቋንቋ «ኖትር ዳም ኦ ፎን» ትባል ነበር። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ የለችም። ሕፃናቱ የተጠመቁበት የናስ ገንዳ ግን ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ አልፎት እስካሁን አለ።

ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን ክርስትና ለሚያስነሣ ሕዝብ የዚህን መብት ትርጉም ማስረዳት አያሻም። ሕፃኑ ስም የሚያገኘው፣ የክርስትና አባትና እናት የሚቆሙለት፣ ከማኅበረ ምእመናን የሚቆጠረው በዚያች ዕለት ነው። በሊዬዥም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ሕፃናትን አቅፈው ወደዚህች አጥቢያ ያልመጡ ቤተሰቦች አልነበሩም ለማለት ይቻላል።

ከታላቁ ጎን የቆመችው ትንሿ

ሊዬዥ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ጳጳሱ መስቀሉንም ሰይፉንም ይዞ እንደ መስፍን የሚገዛት ከተማ ነበረች። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሏ በ700ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ጳጳሱ ላምቤር በተገደለበት ሥፍራ ላይ የተሠራው ታላቁ የቅዱስ ላምቤር ካቴድራል ቆሞ ነበር። «የማጥመቂያዋ እመቤታችን» ከዚህ ግዙፍ ሕንፃ አጠገብ፣ በጥላው ሥር ነበረች።

ከ1107 እስከ 1118 ባለው ጊዜ ውስጥ የአጥቢያዋ አለቃ አባ ኤሊን አዲስ የማጥመቂያ ገንዳ አሠሩ። ይህ በእኛ አገር ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የሜዝ ወንዝ ሸለቆ በዚያን ጊዜ በመላው አውሮፓ ስማቸው የታወቀ የናስ ቀጥቃጮችና አንጥረኞች አገር ነበር። ገንዳውም ለዚሁ ሙያ ምስክር ነው። ቁመቱ ወደ 60፣ ስፋቱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሠሩት ቅርጹን በሰም አበጅተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙ ቀልጦ በወጣበት ክፍተት የፈላ ናስ በማፍሰስ ነው። የእኛም አንጥረኞች የናስ መስቀል የሚሠሩበት ዘዴ ይኸው ሰምን የማቅለጥ ጥበብ ነው።

በበሬዎች ጀርባ ላይ

ገንዳው የቆመው በናስ በሬዎች ላይ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ያሠራው የናስ ኩሬ በ12 በሬዎች ላይ ተቀምጦ እንደነበረ ተጽፏል። የጥንት መምህራን አሥራ ሁለቱን በሬዎች በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ይመስሏቸው ነበር። የሊዬዥ በሬዎች አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ ቀና ሲል ሌላው ያጎነብሳል፣ ሌላው ደግሞ አንገቱን ወደ ጎን ያዞራል።

በገንዳው ዙሪያ አምስት ታሪኮች ተቀርጸዋል። መጀመሪያ ዮሐንስ መጥምቅ ሲሰብክ ይታያል፤ ከሚሰሙት መካከል የብረት ልብስ የለበሰ ወታደር አለ። ቀጥሎ ዮሐንስ ንስሐ የገቡትን ሲያጠምቅ፣ ከዚያም ዋናው የጌታ ጥምቀት ይታያል። አራተኛው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 የምናነበው የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ በጴጥሮስ እጅ ሲጠመቅ ነው። አምስተኛው በወንጌላዊው ዮሐንስ የተጠመቀው ፈላስፋው ክራቶን ነው። ወታደርም፣ ባለሥልጣንም፣ ፈላስፋም ወደ አንድ ውኃ ይወርዳሉ። የከተማው ሕፃናት ሁሉ ለሚጠመቁበት ዕቃ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም።

የሠሪው ማንነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዘመኑ የተጻፈው ዜና መዋዕል አሠሪውን አባ ኤሊንን ያመሰግናል እንጂ አንጥረኛውን አይጠራም። የዊ ከተማ ሰው የሆነው ሬኒዬ እንደሠራው የሚናገረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ዜና መዋዕል ነው። ሬኒዬ የሚባል ወርቅ ሠሪ ግን በእርግጥ ነበረ፤ በ1125 በተጻፈ ውል ላይ ስሙ ይገኛል። የቅርጹን ውበት አይተው ከቁስጥንጥንያ ወይም ከኢጣሊያ የመጣ ነው የሚሉ ምሁራንም አሉ።

አብዮቱ ሲመጣ

በ1789 ፈረንሳይ ውስጥ አብዮት በፈነዳበት ዓመት የሊዬዥም ሕዝብ በመስፍን ጳጳሱ ላይ ተነሣ። ካቴድራሉ የጳጳሱ ሥልጣን ምልክት ስለነበረ እንዲፈርስ ተወሰነ፤ ከ1794 ጀምሮም ማፍረሱ ተጀመረ። ትንሿ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ከታላቁ ጋር ፈረሰች። በዚያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ናስ ትልቅ አደጋ ላይ ነበር፤ አብዮተኞቹ ደወሉን ሁሉ እያወረዱ ለመድፍና ለገንዘብ ያቀልጡት ነበርና።

ገንዳው ግን ከእሳት ተረፈ። ተደብቆ ቆይቶ፣ ፈረንሳይና ሮም ከታረቁ በኋላ በ1804 ወደ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ። ያለ ጉዳት አላለፈም። የነቢያትና የሐዋርያት ምስል የነበረበት ክዳኑ ጠፍቷል፤ ከአሥራ ሁለቱ በሬዎችም የቀሩት አሥር ናቸው።

ዛሬ ካቴድራሉ በነበረበት ቦታ ሰፊ አደባባይ አለ፤ መሠረቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ከአደባባዩ ሥር ወደ ተዘጋጀው ሙዚየም መውረድ አለበት። ጳጳሱን ያስፈራና ያስከበረ ሕንፃ ከመሬት በታች ቀርቷል። ጥቂት ደቂቃ በእግር ተጉዞ ወደ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ለሚሄድ ግን፣ የአንዲት አጥቢያ ሕፃናት ስም የወጣበት ገንዳ በአሥር በሬዎች ጀርባ ላይ እንደቆመ ነው። ማንም ሊያልፍበት የሚችል፣ ክንድ የሚሞላ ዕቃ ነው፤ ቢሆንም የአንድ ከተማ ሕዝብ ትውልድ በትውልድ በእርሱ ውስጥ አልፏል። ግንቡ ያልቻለውን ዘመን ገንዳው ተሻግሯል።